የመምህርት ጥሩወርቅ የስም ደብተር

መምህርት ጥሩወርቅ ማረፋቸውን የሰማሁት ክፍል ውስጥ ቆሜ ነው። የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎችን እየፈተንኩ ኪሴ ውስጥ ያለው ስልክ አላርፍ አለ። ፈተና ክፍል ስልክ ይዞ የሚገባ መምህር ደሜን ያፈላዋል፤ የዚያን ቀን ግን ጥፋተኛው እኔው ራሴ ነበርኩ። በሦስተኛው ጥሪ ወደ በሩ ወጣ ብዬ አነሳሁት። ከሞጣ፣ ልጃቸው መስከረም ናት። «ጋሼ ይበልጣል፣ እማዬ…» አለችና ቀሪውን መጨረስ አቃታት።

ተመልሼ ስገባ ተማሪዎቹ ሁሉ ቀጥ ብለው ተቀምጠዋል። ያ ማለት ከዳር እስከ ዳር ተኮራርጀዋል ማለት ነው። በሌላ ቀን ቢሆን ወረቀት እነጥቅ ነበር። የዚያን ቀን ግን ወንበሬ ላይ ቁጭ ብዬ አየኋቸው። ከፊት ያለችው ልጅ «ቲቸር፣ አሞዎታል?» ስትለኝ «አዎ፣ አሞኛል» አልኳት።

ስለ እሳቸው ከማውራቴ በፊት ስለ ራሴ አንድ ነገር ማስቀደም አለብኝ፤ እሱን ከዘለልኩ ሌላው ሁሉ ውሸት ይሆንብኛል። አንጓች የምትባል እህት አለችኝ። ስትወለድ ምጡ ሁለት ቀን ፈጀ። እጅና እግሯ እንደ ልቧ አይታዘዙላትም፣ አትራመድም፣ ቃላቷም እየተጎተቱ ነው የሚወጡት። ጭንቅላቷ ግን ከእኔ ይፈጥናል፤ ይህንን ስነግራት «እሱስ ብዙ አያስመካም» ትለኛለች። እናታችን እንግዳ በመጣ ቁጥር ጓዳ ታስገባትና መጋረጃውን ትጥል ነበር። «እህቶቻችሁ ባል ያግኙ እንጂ! ዘራቸው ነው ይሉናል» ነበር ምክንያቷ። እህቶቻችን አገቡ፣ ወለዱ። እናታችንም ሞተች። መጋረጃው ግን እንደተጣለ ቀረ፤ ያላነሳሁት እኔ ነኝ። ቤቱ ውስጥ እኔ፣ አክስታችንና አንጓች ነን። ጎረቤት ያውቃል፣ ግን አይናገርም፤ ይህንን ጨዋነት ብለን ስም አውጥተንለታል። የሥራ ባልደረቦቼ ጭራሽ አያውቁም። እኔስ ማን ነኝ? ቢቸና ውስጥ የልዩ ፍላጎት ትምህርት የማስተምር ሰው! ወላጆችን ሰብስቤ «ልጆቻችሁን አትደብቁ!» እያልኩ ጉሮሮዬ እስኪነቃ የምጮህ ሰው።

በሉ እንግዲህ፣ አሁን ወደ እሳቸው ልመለስ።

ለሁለተኛ ዲግሪ በክረምት መርሐ ግብር ዓባይን ተሻግሬ ወደ ዩኒቨርሲቲ ልሄድ ነው። ከሞጣ የሚመጣው አውቶቡስ ቢቸና ሲደርስ አንድ ወንበር ብቻ ቀርቷል። አጠገቡ ሃምሳን የተሻገሩ፣ አጠር ያሉ ሴት ነጠላቸውን መስቀለኛ አጣፍተው ተቀምጠዋል። እጄ ላይ ያለውን የመግቢያ ደብዳቤ አዩና ከፕላስቲክ ማኅደራቸው ተመሳሳዩን መዘዙ።

«አንተም ልዩ ፍላጎት ነህ?» አሉኝ።

«ነኝ።»

«እሰይ! ብቻዬን አርጅቼ ልጆች መሃል ልገባ ነው ብዬ ሰግቼ ነበር። አንተም እኮ እንደዚያ ልጅ አይደለህም።»

ያኔ ሠላሳ ሦስት ዓመቴ ነው። ቅር አለኝ። የሽምብራ ቆሎ ሲዘረጉልኝ ቅሬታዬን ከቆሎው ጋር ቆረጠምኩት።

ደጀን ሳንደርስ፣ ጥቁር ሽፋን ያለው፣ ጠርዙ በፕላስተር የተጠገነ ወፍራም ደብተር ከቦርሳቸው አወጡ። «እናትህ ስንት ወለዱ?» አሉኝ።

«አምስት።» አፌ የለመደው መልስ ነው።

«የክርስትና ስማችሁን ንገረኝ። ጠዋት ጠዋት በጸሎት ስም አነሳለሁ፤ እናንተንም ልጨምራችሁ።»

እየቆጠርኩ ነገርኳቸው፦ ገብረ ኪዳን እኔ ነኝ፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ… እዚህ ላይ ምላሴ ተያዘ። ከወልደ ጊዮርጊስ ቀጥላ የምትመጣው አንጓች ናት፤ የክርስትና ስሟ ወለተ ሐና። ዋጥኳት። አንድ ትንፋሽ ያህል ነው የቆየሁት። እሳቸው እስክሪብቷቸውን ከወረቀቱ ሳያነሱ ጠበቁኝ። «ወለተ ጻድቅ፣ ኃይለ ሚካኤል» ብዬ ጨረስኩ።

«በቃ?»

«በቃ።»

ደብተሩን ዘጉና ቆሎ ጨመሩልኝ። ከዚያ እስከ ዓባይ በረሃ ድረስ ስለ ሞጣ ብርድና ስለ ልጃቸው ስለ መስከረም አወሩልኝ። ባላቸው ከሞቱ ቆይተዋል። ሞጣ ላይ መስማት የተሳናቸውን ልጆች ሃያ ዓመት አስተምረዋል። እኔ የማስበው ግን ስለዋጥኩት ስም ነበር።

ዩኒቨርሲቲ ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ አልነበረም። ለመናገር ሲፈልጉ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ እጃቸውን ቀጥ አድርገው ያወጣሉ፤ ሲፈቀድላቸው ደግሞ ይነሳሉ። «ይቀመጡ፣ ግዴለም» ቢሏቸውም አይሰሙም። ኮምፒዩተር ላይ በአንድ ጣት ነበር የሚጽፉት። ሌላኛው እጃቸው ነጠላቸውን ይዞ ይጠብቃል፤ ምኑን እንደሚጠብቅ እንጃ። አንድ ገጽ ለመጻፍ ከሰዓቱን ይፈጁና «ዛሬ ገሰገስኩ» ይሉኛል። የእኔን ትዕግሥት የሚያውቅ ሰው፣ አጠገባቸው ተቀምጬ ያንን ጣት ማየት ምን ያህል እንዳቃጠለኝ መገመት አያቅተውም። «ይስጡኝ፣ እኔ ልጻፍልዎት!» ስላቸው «ተማሪዎችህንም እንዲህ ነው የምታቻኩላቸው?» ብለው አፌን አስያዙኝ።

አንድ ቀን መምህራችን «ማካተት ማለት ምን ማለት ነው?» ብሎ ጠየቀ። ሁላችንም ከየመጽሐፉ የቃረምነውን ትርጉም ደረደርን፤ እኔማ የሦስት ምሁር ስም ጠርቼ ነው የተቀመጥኩት። እሳቸው ተነሱ። «ሰው ሲቆጠር መቆጠር ነው» አሉና ተቀመጡ። መምህሩ ጠመኔ አንስቶ ሰሌዳው ላይ ጻፈው። ቅናቱ እስካሁን ይሰማኛል።

አብረዋቸው የሚያድሩት ሴቶች መጀመሪያ ላይ አማርረው ነበር። ሴትዮዋ ገና ጎህ ሲቀድ ተነስተው ከዚያ ደብተር ስም ሲያነበንቡ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ግን አማራሪዎቹ ራሳቸው የእህት የወንድሞቻቸውን ስም አስጻፉ። አንዲት ሰዓዳ የምትባል ሙስሊም መምህርት ሳትቀር የወንድሞቿን ስም ሰጠችና «እኔ ደግሞ መስከረምን በዱዓዬ አስባታለሁ» አለቻቸው። ከዚያ በኋላ እሳቸው ከተኙ የሚቀሰቅሷቸው እነሱ ሆኑ።

እኔ ግን የዋህ ሃይማኖተኛ ሴትዮ ብቻ መስለውኝ ኖሯል። ዘዴያቸውን ያየሁት ለመመረቂያ ጽሑፍ መረጃ ስንሰበስብ ነው። ርዕሴ ከትምህርት ገበታ ስለቀሩ አካል ጉዳተኛ ልጆች ነበር፤ የእሳቸውም ከዚያው ብዙ አይርቅም። በደብረ ወርቅ በኩል ያለች አንዲት ቀበሌ መረጥኩ። ቀበሌው ማኅተም የተመታበት ወረቀት ሰጠኝ፤ አካል ጉዳት ያለበት ሕፃን «የለም» ይላል። መጠይቄን ይዤ ቤት ለቤት ገባሁ። «በዚህ ቤት የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ አለ?» እላለሁ። «ኧረ የለም፣ ተመስገን ነው!» ቀጥሎ ያለው ቤትም «የለም»። ሁለት ቀን ሙሉ «የለም» የሚለው ሳጥን ውስጥ ምልክት ሳደርግ ዋልኩ። እንደሚዋሹኝ አጥቼው አይደለም። እናቴም ልክ እንደዚያው ፈገግ ብላ ነበር የምትመልሰው። እያወቅኩ ምልክት አደረግኩ።

በሦስተኛው ቀን መምህርት ጥሩወርቅ ከሞጣ በሚኒባስ ደረሱልኝ። መጠይቄን ገለጥ ገለጥ አድርገው አዩና «ወይ ይበልጣል፣ እንደ ፖሊስ ነው እንዴ የምትጠይቀው? ይህንን ቦርሳህ ውስጥ ክተትና ተከተለኝ» አሉኝ። ተናድጄ ተከተልኳቸው።

አንደኛው ቤት እኔ ትናንት የገባሁበት ነው። የቤቱ እመቤት ወንበር ስታቀርብላቸው «ወገቤን ያመኛል፣ ግድግዳ ልደገፍ» ብለው ከጓዳው አጠገብ ካለው መደብ ላይ ተቀመጡ። በኋላ እንዳየሁት በየቤቱ የሚቀመጡት እዚያው ነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ጤፉ፣ ስለ ሰንበቴያቸው አወሩ። ከዚያ ደብተሩ ወጣ። «የልጆችሽን የክርስትና ስም ንገሪኝማ እህቴ፣ በጸሎት ላስባቸው።»

ሴትዮዋ ሰውነቷ ለስለስ አለ። አጠገቧ ያሉትን ልጆች አንድ በአንድ በጣቷ እያመለከተች ነገረቻቸው፤ አምስት ስም፣ የመጨረሻው ላይ ጣቷ ማንንም አላመለከተም። ትናንት ለእኔ የነገረችኝ አራት ልጅ ነበር። መምህርት ጥሩወርቅ ጽፈው ሲጨርሱ ቀና አሉና፣ ልጇ ከዓይኗ የራቀባት እናት ጎረቤቷን በምትጠይቅበት ድምፅ «ወለተ ማርያም የት አለች?» አሏት።

ሴትዮዋ መሬት መሬት አየች። እኔ ወደ በሩ ዞርኩ። «ጓዳ ናት» አለች ሴትዮዋ።

«እንሂድና እንያት» አሉ መምህርት ጥሩወርቅ።

«አውጪያት» አላሉም። ለምን ደበቅሻትም አላሉም። ከዚያ ወዲያ በስንት ቤት አብሬያቸው ገባሁ፤ ሁልጊዜ እነዚያው ሁለት ቃል ናቸው፤ «የት አለች?» እና «እንሂድና እንያት»።

ነገሩ ገባኝ። ለቀበሌ ይዋሻል፣ እንደኔ ላለው መጠይቅ አንጠልጣይ ይዋሻል። ለጸሎት ሲባል ግን የልጇን ስም የምታስቀር እናት የለችም፤ አንዷን ዘልላ ብትቆጥር ከእግዚአብሔር ፊት የሸሸገቻት ይመስላታል። እናት አታደርገውም። ወንድም ግን አድርጎታል፤ አውቶቡስ ውስጥ፣ ቆሎ እየቆረጠመ።

ጓዳው ውስጥ ያገኘናት ልጅ ስምንት ዓመት ቢሆናት ነው። እግሯና እጇ እንደ አንጓች ነው። እናቷ የጀመረችላትን ምሳ ስታጎርሳት ልጅቱ ትን አላት። እናትየው ደነገጠች፣ ጭንቅላቷን ወደ ኋላ አስደግፋ ውሃ ልታጠጣት ስትል እኔ ሳላስበው «ተዪ! እንደሱ አይደለም!» ብዬ ገባሁ። ከኋላዋ ተቀመጥኩ፣ ደረቴ ላይ አስደገፍኳት፣ አገጯን ከሥር ደገፍ አድርጌ ጭንቅላቷን ወደ ፊት አዘነበልኩላት። ሳሉ ሲያልፍላት ትንንሽ ጉርሻ እያደረግኩ በጎን በኩል ሰጠኋት። ዋጠች። ሌላ ሰጠኋት፣ ዋጠች። ሳቀችልኝ።

ስንወጣ መምህርት ጥሩወርቅ «ይህንን የት ተማርከው?» አሉኝ።

«ኮርስ ላይ ነዋ።»

«እኔ የዚያን ቀን ቀርቼ ይሆናል» አሉ።

ሰዎች፣ ሴትዮዋ እኮ አንድም ቀን ቀርተው አያውቁም! ይህኔ ነበር መናገር። መንገዱ ላይ ከእኔና ከእሳቸው በቀር ማንም የለም። አፌን ከፈትኩና «ዝናብ ሊመጣ ነው» አልኩ። «ይመጣል» አሉና ነጠላቸውን ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ።

በስም ደብተሩ ነገር ብዙ ጊዜ ተከራክሬያቸዋለሁ። «መምህርት፣ ይህ እኮ ማታለል ነው» አልኳቸው አንድ ጊዜ፣ ሆን ብዬ ላናድዳቸው። «ደብተሩን ዘግቼ ብተወው ማታለል ነበር። እኔ ግን አነበዋለሁ» አሉኝ። ወደየቤቱም በሳምንቱ ተመልሰው ይሄዳሉ። ለምን እንደጠየቁ ይናገራሉ፣ ፈቃድ ይጠይቃሉ። ጽሑፋቸው ላይ የማንንም ልጅ ስም አላሰፈሩም፤ ሀ፣ ለ፣ ሐ ነው የሚለው።

ጉዱ የመጣው ጽሑፋቸውን ሊከላከሉ የቀረቡ ቀን ነው። ከሌላ ቦታ የተጋበዘው ፈታኝ ወጣት ዶክተር ነው፣ ክራቫቱ የጠበቀበት። «የእነዚህ ልጆች መኖር በምን ይረጋገጣል? ቀበሌው የለም ብሏል። ስሞቹን የመዘገቡበትን ደብተር በአባሪነት ያያይዙልን» አለ።

«አልችልም» አሉ። ቆመው ነው፣ እንደ ልማዳቸው።

«ካላያያዙ ሥራዎ ተቀባይነት ላያገኝ እንደሚችል ያውቃሉ?»

«አውቃለሁ ልጄ። ስሙ የተሰጠኝ ለጸሎት ነው፣ ለአባሪ አይደለም።»

አማካሪያቸው በመሃረብ ግንባሩን ጠረገ። ሦስት ክረምት ሙሉ በአንድ ጣት የተጻፈ ሥራ እኮ ነው!

«ታዲያ ልጆቹ መኖራቸውን በምን እንመን?»

«አሉ። እንሂድና እንያቸው» አሉት።

አንዳንዶች ሳቁ። ዶክተሩ አልሳቀም፤ እሳቸውም አልሳቁም፣ የምራቸውን ነበር። ወደ ውጪ አስወጥተዋቸው ብዙ መከሩ። እኔ ኮሪደሩ ላይ እየተንጎራደድኩ ፈታኙን ከነዘር ማንዘሩ ስራገም፣ እሳቸው አግዳሚው ላይ ቁጭ ብለው ብርቱካን ይልጡልኛል። በመጨረሻ አለፉ፤ ውጤቱ «ጥሩ» የሚል ነው። የእኔ «እጅግ በጣም ጥሩ» ነበር። እቅፍ አድርገው ሳሙኝና «ጎበዝ፣ ኮራሁብህ» አሉኝ። የዚያን ቀን የውጤቴን ወረቀት ቀድጄ መጣል ነበር ያማረኝ።

ከተመረቅን በኋላ በዓመቱ አንድ ቀን ስልክ ደወሉ። ለሥራ ደጀን ደርሰው ሲመለሱ ቢቸና ሊወርዱ ነው፤ «ቤትህን ልየው፣ ከዚያ እቀጥላለሁ» አሉኝ። ምን አደረግኩ መሰላችሁ? መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኳቸውና ሆቴል ወሰድኳቸው። «ቤቱ እድሳት ላይ ነው» አልኩ። የጎጃም ልጅ፣ እናቱን የምታክል እንግዳ መጥታበት ሆቴል የሚያበላ! ስናገረው እንኳ ያሳፍረኛል። ክትፎ አዘዝኩ፣ ዶሮ አዘዝኩ፤ ጠረጴዛው እስኪሞላ አዘዝኩ። እሳቸው ቀመስ ቀመስ አድርገው እጃቸውን ታጠቡ። ቅር መሰኘት ፊታቸው ላይ ፈልጌ አጣሁ፤ ባገኘው ይሻለኝ ነበር።

ሊሳፈሩ ሲሉ ከቦርሳቸው በጋዜጣ የተጠቀለለ ነገር አውጥተው ሰጡኝ። የእንጨት ማንኪያ ነው። እጀታው በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ላዩ በብስክሌት ጎማ ላስቲክ ጠብቆ ታስሮ፣ የሕፃን ክንድ ያህል ወፍሯል። አንገቱ ደግሞ ወደ ጎን ጠመም ያለ ነው። «እጁ ጥሩ አድርጎ ለማይጨብጥ ሰው ይሆናል። ለተማሪዎችህ» አሉኝና ወደ አውቶቡሱ ወጡ።

ክፍሌ ውስጥ እጁ የማይጨብጥ ተማሪ እንደሌለኝ ያውቃሉ። ቤት ወስጄ ለአንጓች ሰጠኋት። ግማሹ ደረቷ ላይ ፈሰሰ፣ ግማሹ አፏ ገባ። ሁለተኛውን ራሷ ጎረሰች። ሦስተኛውን ጎረሰች። በሃያ ስድስት ዓመቷ በገዛ እጇ ስትበላ የመጀመሪያዋ ነው። «ማ… ነው የሰጠህ?» አለችኝ። «አንዲት መምህርት» አልኳት። አክስቴ ስታለቅስ እኔ ውሃ ልጠጣ ነው ብዬ ወጣሁ።

ከዚያ በኋላ በየበዓሉ እንደዋወላለን። «ቤተሰብ ደህና ነው?» ይሉኛል። «ደህና ነው።» ቀጥለውም «ሁሉም?» ይላሉ። «ሁሉም» እላለሁ። ይህ ስንት ዓመት እንደሄደ ስቆጥር በራሴ እበግናለሁ። የፋሲካ ዕለት እነግራቸዋለሁ እላለሁ፤ ፋሲካ ያልፋል። ለዘመን መለወጫ እላለሁ፤ እሱም ያልፋል። የሚቀድመኝ ሞት ይሆናል ብዬ አላሰብኩም ነበር።

ለቀብሩ አልደረስኩም። ለአርባቸው ጠዋት ስነሳ አንጓች ነቅታ ትጠብቀኛለች። አክስቴ ነግራታለች።

«ማንኪያ የሰጡኝ ሴትዮ ናቸው የሞቱት?»

«አዎ።»

«እኔንም ውሰደኝ። ላልቅስላቸው።»

«መንገዱ አይመችሽም አንጓች። ሚኒባሱ…»

«መንገዱ ነው?» አለችኝ። እነዚያን ሁለት ቃላት ለማውጣት ረጅም ጊዜ ፈጀባት፤ እኔም እስክትጨርስ ጠብቄ ሰማኋትና መጋረጃውን መልሼ ሄድኩ።

ሞጣ ስደርስ ድንኳኑ ሞልቷል። ያስተማሯቸው መስማት የተሳናቸው ልጆች አድገው አንድ ወገን ተቀምጠው በእጃቸው ያወራሉ፤ ከመሃላቸው ፊታቸውን ነጠላ ውስጥ የቀበሩ አሉ። ሌላ ወገን አንዲት ወጣት ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆና እናቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። እናትየውን አወቅኳት። ያቺ በደብረ ወርቅ በኩል ያገኘናት ሴት ናት። ልጅቱ እኔ ያጎረስኳት ናት፤ አሁን እጀታው ወፍራም በሆነ ማንኪያ ራሷ ትበላለች፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ ማንም ልብ ሳይላት። ሳህኔን ወደ ጎን አስቀመጥኩ።

ካህናቱ ጸሎቱን ሲጨርሱ መስከረም ያንን ጥቁር ደብተር ይዛ ተነሳች። «እማዬ በአርባዬ ስሞቹ አንዴ ይነበቡልኝ ብላ ነበር» አለችና ጀመረች። ስም ብቻ ነው፤ የማን ልጅ እንደሆነ አይልም። ወለተ ማርያም፣ ገብረ ሥላሴ፣ ወለተ ኪሮስ… ሰዉ አንገቱን ደፍቶ ያዳምጣል። ድንገት «ገብረ ኪዳን፣ ወለተ ሥላሴ፣ ወልደ ጊዮርጊስ» ስትል ቀና አልኩ። እኛ ነን። ቀጥሎ ወለተ ጻድቅ ልትል ነው ብዬ ስጠብቅ መስከረም ቆመች። ወረቀቱን ወደ ዓይኗ አስጠጋች።

«እዚህ ላይ… ስም የለም። እንዲህ ነው የሚለው» አለችና አነበበች፤ «አንድ ያልተነገረኝ ስም፤ ጌታ ሆይ፣ አንተ ታውቀዋለህ።»

ያንን ሁሉ ዓመት! ጠዋት ጠዋት፣ ጎህ ሲቀድ፣ ስሟን ለማያውቋት እህቴ ቦታ ይዘው ሲጸልዩላት ኖረዋል። በተራዋ፣ ከወልደ ጊዮርጊስ ቀጥለው፣ እኔ የዋጥኩባት ቦታ ላይ።

ከካህናቱ አንዱ «እግዚአብሔር ያውቃል ልጄ፣ ቀጥዪ» አሏት። መስከረም ልትቀጥል አፏን ከፈተች። ዝም ብል ማንም አያውቅብኝም። ከእኔ በቀር ያ መስመር የማን እንደሆነ የሚያውቅ ሰው በዚያ ድንኳን ውስጥ የለም። ተነሳሁ።

«ቆይ… ቆይ መስከረም። ወለተ ሐና ናት።»

ሰው ሁሉ ዞረ። አብረውኝ የተማሩ አሉ፣ ከቢቸና አብረውኝ የመጡ መምህራን አሉ።

«ማን?»

«እህቴ ናት። አንጓች ነው ስሟ። ለእናትሽ አልነገርኳቸውም… ለማንም አልነገርኩም።» ከዚያ በኋላ ልቅሶዬ አላናግር አለኝ።

መስከረም አልገሠጸችኝም። እስክሪብቶ ተቀብላ ከእናቷ ጽሕፈት ጎን «ወለተ ሐና» ብላ ጻፈች። ቀና አለችና፣ በእናቷ ድምፅ፣ ቁርጥ በእናቷ ድምፅ «የት አለች?» አለችኝ።

«ጓዳ ናት» አልኩ።

«እንሂድና እንያት።»

በማግሥቱ ረፋዱ ላይ ቢቸና ገባን። መጋረጃውን በእጄ ቀድጄ ጣልኩት፤ ገመዱም አብሮ መጣ። አንጓችን አቅፌ ወደ ሳሎን አወጣኋትና በሩን ሁለቱንም ከፈትኩት። መስከረም ጎኗ ተቀመጠች፤ «የመምህርት ጥሩወርቅ ልጅ ነኝ» አለቻት። አንጓች ማንኪያውን ጭኗ ላይ አድርጋ ብዙ አየቻት። ከዚያ ማልቀስ ጀመረች። ከፍ ባለ ድምፅ፣ እየተጎተተ በሚወጣው ቃሏ፣ «እናቴ… ማንኪያ የሰጡኝ እናቴ…» እያለች። ለማንም ድምፅ አውጥታ አልቅሳ አታውቅም፤ ለገዛ እናታችን እንኳ ጓዳ ውስጥ አፏን በጨርቅ ይዛ ነው ያለቀሰችው።

በእኛ አገር የልቅሶ ድምፅ የሰማ ጎረቤት ቁጭ አይልም። መጀመሪያ የመጡት አጥር የሚያዋስኑን እማማ ብርቱካን ናቸው፤ ነጠላቸውን እያዘቀዘቁ ገቡ። ከእሳቸው ኋላ ሌሎቹም ተከታተሉ። ሁሉም በሩ ላይ ሲደርሱ አንድ አፍታ ቆም አሉ። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲያውቋት ያላዩዋት ልጅ ሳሎኑ መሃል ተቀምጣለች። እኔ ምን ልበል፣ ምን ላስረዳ ብዬ ስቁነጠነጥ እማማ ብርቱካን አለፉኝ። አንጓች ፊት ጎንበስ አሉ፣ ጉንጯን ሳሙ፣ ለለቀስተኛ የሚባለውን አሏት።

«እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ ልጄ።»

ከኋላቸው ያለችው ሴትዮም ተራዋን ጠብቃ ጎንበስ አለች።